ምዕራፍ 6፦ ምስል ከፊት፣ ድምፅ ከኋላ

ኤክስቦክስ 360 ከተባለው የማይክሮሶፍት የጨዋታ ማሽን (ኮንሶል) ጋር ይሸጥ በነበረው የኤችዲ፣ ማለትም የከፍተኛ ጥራት ምስል፣ ገመድ ራስ ላይ ጥፍር የምታክል ማንሸራተቻ ነበረች። በአንድ ወገን “ቲቪ”፣ በሌላው ወገን “ኤችዲቲቪ” የሚል ተጽፎባታል። ማሽኑ በኖቬምበር 22 ቀን 2005 አሜሪካ ውስጥ ገበያ ላይ ዋለ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ገዝቶ ቤቱ የገባ ሰው ይቺን ማንሸራተቻ ልብ ሳይላት “ቲቪ” ላይ ከተዋት፣ ማሽኑ አዲስ ቢሆንም የሚያየው ምስል ያው የድሮው ነበር። ረከስ ባለው ጥቅል ውስጥ ደግሞ ማንሸራተቻዋም የለችም፤ ያለው ሁላችንም የምናውቀው ባለ ቢጫ፣ ባለ ነጭና ባለ ቀይ ጫፍ ገመድ ብቻ ነው። ያ ቢጫ ጫፍ ኤችዲ ምስል ማሳለፍ አይችልም።

ከዚህች ትንሽ ነገር የጀመርኩት ስለዚያ ዘመን ኮንሶሎች ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር ስላለ ነው። ማሽኑ የሚሠራው ሌላ፣ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ የሚጫወተው ሰው ዐይንና ጆሮ የሚደርሰው ሌላ ነው። በመካከል ገመዱ አለ፣ ቴሌቪዥኑ አለ፣ ሶፋው የተቀመጠበት ቦታ አለ። አምራቾቹ ሦስት ነገር ቃል ገቡ፦ ጥርት ያለ ምስል፣ ሰፊ ስክሪን፣ ዙሪያውን የሚከብ ድምፅ። ከሦስቱ ለተጫዋቹ ብዙ የሚሠራለት ሦስተኛው ይመስለኛል። በየቤቱ በመንገድ የቀረውም እሱ ነው።

ቃሉ በአደባባይ የተሰጠው ማሽኑ ከመውጣቱ ከወራት በፊት ነበር። በማርች 2005 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በተካሄደው የጌም ሠሪዎች ጉባኤ የማይክሮሶፍቱ ጄ አላርድ መድረክ ላይ ወጥቶ መጪው ጊዜ “የኤችዲ ዘመን” መሆኑን አወጀ። ከታዳሚው መካከል 1,000 ሰዎች የኤችዲ ቴሌቪዥን ስጦታ አገኙ። ስጦታው ስሌት ነበረው፤ ጨዋታ የሚሠራው ሰው ራሱ ቤቱ ውስጥ ኤችዲ ካላየ ለኤችዲ አይጨነቅም። መመሪያውም ጥብቅ ነበር። ለኤክስቦክስ 360 የሚሠራ ጨዋታ ሁሉ ቢያንስ በ720 መስመር፣ በ16 ለ9 ስክሪን እና 5.1 በሚባለው የዙሪያ ድምፅ ይቅረብ ተባለ። ከዚያ በፊት እነዚህ ነገሮች ለፈለገና ለቻለ ሠሪ የተተዉ ነበሩ።

ምስሉን እናስቀድም። የቴሌቪዥን ምስል እንደ ጥልፍ ነው። ከሩቅ ሲያዩት መስቀል ወይም አበባ ይሆናል፤ ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን እያንዳንዱ ስፌት አንድ ቀለም ብቻ ያለው ነጥብ ነው። ነጥቡን ፒክስል እንለዋለን። በድሮው ቴሌቪዥን ላይ ጨዋታ ሲታይ በወርድ 640፣ በቁመት 480 ያህል ነጥቦች ነበሩት፤ ሲባዛ 307,200 ይሆናል። 720 የሚባለው በወርድ 1280፣ በቁመት 720 ሲሆን 921,600 ነጥብ አለው፤ ልክ ሦስት እጥፍ ነው። 1080 ደግሞ 1920 በ1080፣ ማለትም 2,073,600 ነጥብ ነው።

ልዩነቱ በቁጥሩ ብቻ አያበቃም። የድሮው ቴሌቪዥን ምስሉን በሁለት ዙር ነበር የሚያሳየው፤ መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች፣ ቀጥሎ ሙሉ ቁጥር ያላቸውን። በኢትዮጵያ ስንጠቀምበት በነበረው የፓል ሥርዓት ይህ በሰከንድ 50 ጊዜ ይከናወን ነበር። ለዜና አንባቢ ፊት ምንም አይጎዳም። አንድ ነጥብ ብቻ ውፍረት ላለው ፊደል ግን ክፉ ነው፤ መስመሩ በአንዱ ዙር ይታያል፣ በሌላው ይጠፋል፣ ስለዚህ ይርገበገባል። ከ720 ቀጥሎ የምትጻፈው “ፒ” ሁሉም መስመር በአንድ ዙር መታየቱን የምትናገር ፊደል ናት።

ታዲያ ዐይናችን ይህን ሁሉ ነጥብ ይለየዋል ወይ? ጤነኛ ዐይን በግምት የአንድ ዲግሪን 60ኛ ያህል ስፋት ይለያል። ከቴሌቪዥኑ 2 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው ይህ 0.58 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አሁን ወርዱ 93 ሳንቲሜትር የሆነ ባለ 42 ኢንች ፍላት ስክሪን እንውሰድ። በ720 እያንዳንዱ ነጥብ 0.73 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ ዐይን ይለየዋል። በ1080 ወደ 0.48 ይወርዳል፤ ዐይን ከሚለየው በታች ገባ ማለት ነው። የድሮው 640 ነጥብ በዚሁ ስክሪን ላይ ሲለጠጥ ግን እያንዳንዱ 1.45 ሚሊሜትር ይሆናል። በድሮው ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ ያማረው ጨዋታ በአዲሱ ፍላት ስክሪን ላይ ደብዝዞ፣ ጭቃ መስሎ የታየን ለዚህ ነው። ጨዋታው አልተለወጠም፤ ጥልፉ ተለጠጠ።

ተቃራኒውም ደርሷል። በ2006 የወጣው ዴድ ራይዚንግ የተባለው የካፕኮም ጨዋታ ጽሑፉ የተዘጋጀው ለኤችዲ ስክሪን ነበር። በድሮ ቴሌቪዥን የሚጫወቱ ሰዎች መመሪያውን ማንበብ አቃታቸው፤ ፊደሎቹ በጣም ደቀቁባቸው። በጊዜው ትልቅ ቅሬታ ነበር፤ ተገቢም ነበር። ሠሪዎቹ በሚሠሩበት ክፍል ጥሩ ስክሪን አለ፤ ገዢው ቤት የለም። በአንድ ጉባኤ ላይ በተሰጠ ቴሌቪዥንና በአንድ ሠራተኛ ቤተሰብ ሳሎን መካከል ያለው ርቀት እዚህ ጋ ታየ።

ስለ ሰፊ ስክሪን ሳስብ ትዝ የሚለኝ የሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። አንድ ጠባብ ክፍል፣ ሦስት ባለ ትልቅ ጀርባ ቴሌቪዥን፣ ሦስት አግዳሚ ወንበር። ተሸናፊ ይነሳል፣ አሸናፊ ጆይስቲኩን እንደያዘ ይቀጥላል። ኳስ ስንጫወት የምናየው ስክሪኑ ከሜዳው መካከል ቆርጦ የወሰደውን ያህል ብቻ ነበር። በቀኝ መስመር እየሮጠ ያለው ክንፍ ተጫዋች ከስክሪኑ ውጭ ስለሆነ፣ ኳሱን የምንልክለት ከታች ባለችው ትንሽ ካርታ ላይ ነጥቧን አይተን ነው። ጎበዝ የሚባለው ልጅ ጣቱ ከሌላው አይፈጥንም ነበር፤ ዐይኑን ከሜዳው ወደ ካርታው፣ ከካርታው ወደ ሜዳው ቶሎ ቶሎ የሚያመላልስ ነበር። ዓመታት ቆይቶ ያንኑ ዓይነት ጨዋታ በሰፊ ስክሪን ሳየው መጀመሪያ የገረመኝ ጥራቱ አይደለም። ክንፍ ተጫዋቹ ታየኝ።

የድሮው ቴሌቪዥን ቅርጽ 4 ለ3 ነው፤ ወርዱ ከቁመቱ 1.33 እጥፍ። 16 ለ9 ደግሞ 1.78 እጥፍ ነው። ይህ ቁጥር በ1980ዎቹ ከርንስ ፓወርስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ያመጣው ነው። በሲኒማና በቴሌቪዥን የተለመዱትን ቅርጾች ሁሉ በእኩል ስፋት አራት ማዕዘን አድርጎ ደራረባቸው። ሁሉንም የሚያቅፈው ውጫዊ ክፈፍና ሁሉም የሚጋሩት ውስጣዊ ክፈፍ ሁለቱም ወደ 1.77 የተጠጋ ቅርጽ ሆነው ተገኙ። ከ4 ለ3ም ከሰፊው የሲኒማ 2.35ም እኩል የሚርቅ አስታራቂ መሆኑ ነው። ስለዚህ 16 ለ9 በሽምግልና የተወለደ ቅርጽ ነው ማለት ይቻላል። ሁሉም ወገን ትንሽ ትንሽ ተወለት።

ነገር ግን ስክሪኑ ስለሰፋ ብቻ ዓለሙ አይሰፋም። ጨዋታ ውስጥ ያለው ካሜራ ምን ያህል ዲግሪ እንደሚያይ የሚወስነው ሠሪው ነው። በኦገስት 2007 ባዮሾክ የተባለው ጨዋታ ሲወጣ ተጫዋቾች ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አስቀምጠው አስተያዩ። በ4 ለ3 ስክሪን የሚጫወት ሰው ከላይም ከታችም ተጨማሪ ነገር ያያል፤ ሰፊ ስክሪን የገዛው ግን ጎኑ ሳይጨመርለት ላይና ታቹ ተቆርጦበታል። ሠሪዎቹ ጨዋታው መጀመሪያውኑ ለሰፊ ስክሪን እንደተነደፈና 4 ለ3 ላይ ጥቁር ክፈፍ እንዳይኖር ላይና ታቹ እንደተጨመረ አስረዱ። ማብራሪያው እውነት ነው። ሆኖም ገንዘቡን ከስክሶ ሰፊ ስክሪን የገዛ ሰው ከጎረቤቱ ያነሰ ማየቱን ሲያውቅ ማብራሪያ አያጽናናውም። በኋላ በማሻሻያ ምርጫው ለተጫዋቹ ተሰጠ። እንደኔ ከሆነ ይህ ምርጫ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሁሉም ጨዋታ ውስጥ መኖር ነበረበት።

የ720ው መመሪያስ በተግባር ተከበረ? ሁልጊዜ አልተከበረም። ምክንያቱን ለማየት ወደ ማሽኑ ሆድ እንግባ። ከኤክስቦክስ 360 የግራፊክስ ቺፕ ጎን 10 ሜጋባይት የሆነች እጅግ ፈጣን ሜሞሪ ተለጥፋለች። ምስሉ የሚሳለው እዚያች ላይ ነው። በባይት ሲቆጠር አቅሟ 10.49 ሚሊዮን ያህል ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ለቀለሙ 4 ባይት፣ ከካሜራው ያለውን ርቀት ለመያዝ ሌላ 4 ባይት፣ በድምሩ 8 ባይት ይፈልጋል። በ720 ይህ 7.37 ሚሊዮን ይሆናል፤ ይበቃል። ችግሩ የጠርዝ መሰላል ነው። ያዘነበለ መስመር በነጥብ ሲሳል ደረጃ ደረጃ ይሆናል፤ ያንን ለማለስለስ እያንዳንዱን ነጥብ ሁለት ጊዜ መመዘን ያስፈልጋል። ያኔ 7.37 በሁለት ተባዝቶ 14.7 ሚሊዮን ይደርሳል። አልገባም። መፍትሔው ምስሉን ለሁለት ቆርጦ በተራ መሳል ነው፤ እሱ ደግሞ ጊዜ ይበላል።

ሌላው መንገድ ነጥቡን መቀነስ ነው። በ2007 የወጣው ኮል ኦፍ ዲውቲ 4 የተባለው የተኩስ ጨዋታ የሚሳለው በ1024 በ600 ነበር። 614,400 ነጥብ በ16 ባይት ሲባዛ 9.83 ሚሊዮን ይመጣል፤ ልክ ገባ! በዚያው ዓመት የወጣው ሄሎ 3 ደግሞ 1152 በ640 ነበር። ሠሪው ቡንጂ እንዳስረዳው ደማቁንም ጨለማውንም ብርሃን አሟልቶ ለመያዝ ሁለት ምስል በአንድ ጊዜ ይስል ነበር። ለእያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ቀለምና አንድ ርቀት፣ 12 ባይት ብለን ብናሰላው 8.85 ሚሊዮን ይሆናል። ያንኑ በ720 ብንሞክረው 11.06 ሚሊዮን ወጥቶ ከሜሞሪዋ ይተርፋል። ሁለቱም ጨዋታዎች ከተሳሉ በኋላ ማሽኑ ወደ ኤችዲ መጠን ይለጥጣቸዋል፤ ቴሌቪዥኑም “720” ብሎ ይቀበላቸዋል።

ነገሩ የታወቀው ነገር የማያመልጣቸው አድናቂዎች ምስሉን ቀርጸው፣ አንድ ያዘነበለ ጠርዝ ላይ ያሉትን ደረጃዎች አንድ በአንድ ቆጥረው ከስክሪኑ ነጥቦች ቁጥር ጋር ስላመሳከሩ ነው። ያኔ ብዙ ቁጣ ተሰማ። እኔ ግን ሠሪዎቹ ትክክል ነበሩ እላለሁ። ኮል ኦፍ ዲውቲ 4 ከነጥቦቹ ሲሶውን ሰጥቶ በሰከንድ 60 ምስል የሚሄድ ጨዋታ አመጣ። አዲስ ምስል በየ16.7 ሚሊሰከንዱ ሲመጣ ጣት ስትጫንና ስክሪኑ ሲመልስ ያለው ክፍተት ይጠባል። እጅህ እዚያ ዓለም ውስጥ ያለ ይመስልሃል። ቆሞ የሚታይ ሥዕል ቢሆን ነጥብ መስዋዕት ማድረግ ጥፋት ነበር፤ ለሚንቀሳቀስ ነገር ግን ዐይን መጀመሪያ የሚጠይቀው እንቅስቃሴውን ነው።

የሶኒው ፕሌይስቴሽን 3 በኖቬምበር 2006 ሲመጣ 1080ን እና ኤችዲኤምአይ የተባለውን የኤችዲ ገመድ መሰኪያ ይዞ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ዋጋው 499 እና 599 ዶላር ነበር፤ ካርቶኑ ውስጥ የነበረው የምስል ገመድ ግን ያው ባለ ቢጫ ጫፉ ነው። የኤችዲኤምአዩን ገመድ ለብቻ መግዛት ነበረብህ። ትልልቆቹ ጨዋታዎችም በአብዛኛው በ720 ዙሪያ ነበር የሚሳሉት። በዚያው ወር የወጣው የኒንቴንዶ ዊ ደግሞ ኤችዲ ጨርሶ አልነበረውም፤ ከፍተኛው 480 መስመር ነው። ከሦስቱ በብዛት የተሸጠው ግን እሱ ነው፤ ከ101 ሚሊዮን በላይ። ፕሌይስቴሽን 3 ከ87 ሚሊዮን በላይ፣ ኤክስቦክስ 360 ደግሞ 84 ሚሊዮን ያህል ተሸጠዋል።

አሁን ወደ ድምፁ።

ዐይን የሚያየው ፊት ለፊቱን ነው። ስክሪኑ የቱንም ያህል ቢሰፋ ከተጫዋቹ ጀርባ አይዞርም። ጆሮ ግን ዘበኛ ነው፤ ሌሊት አጥር ሲንኮሻኮሽ የሚቀሰቅሰን እሱ ነው። ደግሞ ከየት በኩል እንደሆነ ነግሮን ነው የሚቀሰቅሰን።

እንዴት አወቀ? አንድ ሰው በቀኝህ በኩል ቢያጨበጭብ ድምፁ ቀኝ ጆሮህ ጋ ቀድሞ ይደርሳል። ግራው ጋ የሚደርሰው ቢበዛ 0.65 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው፤ በዚያች ጊዜ ድምፅ የሚጓዘው ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም። በተጨማሪ ጭንቅላትህ ቀጭኑን ድምፅ ስለሚጋርደው ግራው ጆሮ ደነዝ ያለውን ይሰማል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ በ1907 የአቅጣጫን ነገር በእነዚህ በሁለቱ ምልክቶች አስረድቶታል። ይሁንና ሁለቱም የሚከዱበት ቦታ አለ። ከአፍንጫህ ትይዩና ከማጅራትህ ትይዩ የሚመጣ ድምፅ ለሁለቱም ጆሮ እኩል ይደርሳል። ያኔ የሚያድነን የጆሮ ቅጠላችን እጥፋት ነው፤ ከፊት የሚመጣውንና ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ በተለያየ መንገድ ይቀይረዋል። እሱም ካልበቃ አንገታችንን ትንሽ እናዞራለን። ስናዞር ድምፁ ወደየትኛው ጆሮ እንደቀረበ በማየት ፊትና ኋላን እንለያለን።

ይህ የአንገት ነገር የጨዋታን ድምፅ ከሲኒማ ድምፅ ይለየዋል። ዶልቢ ዲጂታል የተባለው የዙሪያ ድምፅ ሥርዓት በ1992 ከባትማን ሪተርንስ ፊልም ጋር ወደ ሲኒማ ሲገባ የድምፅ ባለሙያው እያንዳንዱ ድምፅ ከየትኛው ስፒከር እንደሚወጣ አንድ ጊዜ ወስኖ ጨርሷል። ተመልካቹ ሁሉ የሚሰማው ያንኑ ነው። በጨዋታ ግን ተጫዋቹ በየትኛው ሰከንድ ወዴት እንደሚዞር ማንም አያውቅም። ጠላት ከኋላህ ቆሞ ሳለ በጆይስቲኩ ወደ ቀኝ ብትዞር፣ ድምፁ ከኋላ ተነስቶ በቀኝህ አልፎ ፊትህ መምጣት አለበት፤ ያውም ሳይዘገይ። ማሽኑ ለሃምሳና ስልሳ ድምፆች ይህን ሒሳብ ያለማቋረጥ ይሠራል። የሚዞረው አንገትህ ባይሆንም አውራ ጣትህ የአንገትን ሥራ ይሠራል፤ ጆሮህም ያምነዋል።

5.1 ማለት አምስት ሙሉ ድምፅ ማውጫና አንድ ለከባዱ ጉርምርምታ ብቻ የተመደበ መስመር ነው። አንደኛው ፊት ለፊት፣ ሁለቱ ከእሱ ግራና ቀኝ 30 ዲግሪ ላይ፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ ከተቀማጩ ጎን አለፍ ብለው 110 ዲግሪ አካባቢ ይቀመጣሉ። ልክ ከማጅራት ኋላ ምንም የለም፤ ከኋላ የሚመስለን ሁለቱ እኩል ሲጮኹ ነው። ጨዋታው ስድስቱን መስመሮች ካዘጋጀ በኋላ ወደ ማጉያው መላክ ነበረበት፤ እንቅፋቱ እዚህ ላይ ነው። የዚያን ጊዜው የብርሃን ገመድ ያልተጨመቀ ድምፅ ሲሆን ለሁለት መስመር ነበር የሚበቃው፤ በሰከንድ 1.5 ሚሊዮን ቢት ገደማ። ስድስት መስመር ግን 4.6 ሚሊዮን ይፈልጋል። ስለዚህ መጨመቅ ግድ ነው። ፊልም ስቱዲዮ ውስጥ ተጨምቆ ይመጣል፤ ጨዋታ ግን እየተፈጠረ ነው መጨመቅ ያለበት። በፕሌይስቴሽን 2 ላይ እውነተኛው 5.1 በአብዛኛው ቀድመው በተዘጋጁ የፊልም ትዕይንቶች ላይ የተወሰነው ለዚህ ነበር። በ2001 የወጣው የመጀመሪያው ኤክስቦክስ እየተጫወቱ የሚጨምቅ ቺፕ ነበረው፤ 360 ይህን ለሁሉም ጨዋታ ደንብ አደረገው። ኤችዲኤምአይ ሲመጣ ደግሞ ስምንት መስመር ያለ ጭመቃ ማሳለፍ ተቻለ።

እንግዲህ ቴክኖሎጂው ደርሷል። ሳሎናችንስ?

አንድ ወዳጄ አዲስ አበባ ቤቱ ውስጥ ሆም ቴአትር ገዝቶ ነበር። ልሰማው ሄድኩ። አምስቱም ስፒከሮች ቡፌው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ፣ ከሲኒዎቹ ጎን በሥርዓት ተደርድረዋል። በጣም ያምራሉ። ልጁ የተኩስ ጨዋታ ሲጫወት ከኋላ የሚመጣው እርምጃ ከቡፌው ላይ ይሰማል፤ ስለዚህ ልጁ እየሰማ ወደ ፊት ይሮጣል፣ ከኋላ ይመታል። ቤተሰቡን አትውቀስ፤ የእኛ ሶፋ ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚቀመጠው፣ ከኋላው ስንዝር ቦታ የለም። ወዳጄን አስፈቅደን ሁለቱን ስፒከሮች ከሶፋው ግራና ቀኝ በርጩማ ላይ አደረግናቸው፣ ገመዱን በምንጣፉ ሥር አሳለፍነው። ልጁ ጨዋታውን ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ ጆይስቲኩን እንደያዘ አንገቱን አዙሮ ከኋላው ያለውን ግድግዳ አየ። እዚያ ሰው እንደሌለ ያውቃል። ጆሮው ግን አዘዘው።

ያን ዕለት አንድ ፒክስል አልተጨመረም፤ ገንዘብም አልወጣም።

በርጩማ ለማስቀመጥ ቦታ ለሌለው ሌላ መንገድ አለ፤ ተራ የጆሮ ማዳመጫ። ሁለት ጆሮ ብቻ ካለን፣ እያንዳንዱ ጆሮ ሊሰማው የሚገባውን መዘግየት፣ ድንዛዜና የቅጠል እጥፋት ለውጥ አስልቶ በቀጥታ ለየጆሮው መስጠት ይቻላል። በማርች 2020 የፕሌይስቴሽን 5 ንድፍ መሪ ማርክ ሰርኒ ማሽኑን ሲያስተዋውቅ ከንግግሩ ሰፊውን ድርሻ ለዚህ ነገር ሰጠ። ቴምፐስት የተባለው የድምፅ ክፍል ለዚህ ሥራ የተመደበ ነው። የሰው ሁሉ ጆሮ ቅርጽ ስለሚለያይ ማሽኑ ሲወጣ አምስት ዓይነት የጆሮ ናሙና ቀርቦ ነበር፤ እየሰማህ የሚስማማህን ትመርጥ ነበር። አንድ ትልቅ ኩባንያ በመግቢያው ንግግር ላይ ከምስል እኩል ስለ ጆሮ ሲያወራ መስማቴ ደስ አሰኝቶኛል፤ ከአላርድ ንግግር ወዲህ 15 ዓመት ፈጅቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፍላት ስክሪን ምስሉን ከማሳየቱ በፊት ያሳምረዋል፤ ማሳመሩ ጊዜ ይወስዳል። ለፊልም ግድ የለም፤ ለጨዋታ ግን ጣት ከተጫነ በኋላ ምስሉ ዘግይቶ ይመጣል። ችግሩ እውነተኛ ስለነበር በ2008 የወጣው፣ ሮክ ባንድ 2 የተባለው የሙዚቃ ጨዋታ ጊታር መሰል መቆጣጠሪያ መዘግየቱን ራሱ የሚለካ የብርሃን መቀበያና ማይክሮፎን ተሠርቶለት ነበር።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ቤትህ ኮንሶል ካለ ዛሬ ማታ ሦስት ነገር አድርግ። በቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ ይህን መዘግየት የሚቀንሰውን፣ “ጌም” የሚለውን የምስል ዓይነት ምረጥ። ስልክህ ላይ የምትጠቀምበትን ባለ ገመድ የጆሮ ማዳመጫ ጆይስቲኩ ላይ ሰካ። ከዚያ ወደ ጨዋታው የድምፅ ምርጫ ግባና “የቴሌቪዥን ስፒከር” የሚለውን ወደ “ሄድፎን” ቀይረው። ኮንሶሉ የራሱ የዙሪያ ድምፅ ካለው ከሁለቱ አንዱን ብቻ አብራ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ አቅጣጫው ይምታታል። ከዚያም ዐይንህን ጨፍን፣ ሌላ ሰው ይጫወትልህ፣ እርምጃ በሰማህ ቁጥር በእጅህ ወደመጣበት አመልክት።